ሰቃዮች

የነሱ ደወል ሲያበቃ፣ የኔ ቁልፍ ይንቀጫቀጫል፤
ልጅ ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ መጥረጊያዬ ይንሸራተታል።
ስድስት ዓመት ጠርጌያለሁ፣ በኤድመንተን ትምህርት ቤት፣
አንዱን ሰኞ፣ አንዱን ሐሙስ፣ ሰው በጎደለበት ለት።
ዳይሬክተር የማያየውን፣ ደረጃ ሰጪ ያልጻፈውን፣
እኔ አውቃለሁ፦ ማስቲካውን፣ ከዴስክ ሥር የተለጠፈውን፣
አራቴ ታጥፎ የተጣለ የፈተና ወረቀቱን፣
ሳይነካ የቀረ ሳንድዊች፣ የአንዲት እናት ንጋቷን።

ልጄ ናርዶስ ዘጠነኛን ልትጨርስ ነው በሰኔ፤
"አሥረኛን የት ትማር?" ሆነ የቤታችን ኩነኔ።
እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ መካሪው በዛ እንደ በረዶ፤
አንዱ "ካቶሊኩ ይሻላታል"፣ አንዱ "ከወንዙ ማዶ"።
ወይንሸት ስልኳን አውጥታ ቁጥር ታነብልኛለች፤
"ከአሥር ዘጠኝ! የፍሬሕይወት ልጅ እኮ እዚያ ነች!
የሰቃዮች ቤት ነው ይሄ፣ ሐኪም በሐኪም ነው የሚያወጣው፤
የሰፈራችን እንደሆነ፣ አምስት እንኳ መቼ አመጣው?"

የጉብኝቱ ምሽት ሄድን፣ እኔም ኮቴን ለብሼ፣
በሰም ወዳጠገብኩት ወለል እንደ እንግዳ ተመልሼ።
ምክትሉ እጄን ጨብጦ "እንኳን ደህና መጡ" አለኝ፤
ሦስት ክረምት ቢሮውን ጠርጌ፣ መልኬን እንኳ አልለየኝ።
ናርዶስ እጅጌዬን ሳብ አርጋ፦ "የመጥረጊያህ ማደሪያ የቱ ነው?"
ባገጬ አሳየኋት፤ ሳቀች፤ ከዚያ ምሽት የቀረኝ ይኸው ነው።

ምን ብዬ እናቷን ላስረዳ? ማስረጃዬ ቆሻሻ፤
ዘጠኝ ነጥቡ ቤት ስገባ፣ ከመግቢያው እስከ መጨረሻ
ወንበሩ እንደ ወደቀ፣ ወተቱ እንደ ፈሰሰ፣
"የሚያነሣው አይጠፋም" ብሎ ልጁ ሁሉ ገሰገሰ።

የሰፈራችን ጣሪያው ያፈሳል። ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።
ከብየዳው ክፍል ማዶ ግን፣ ሁለት መቶ ስድስትን ስከፍት፣ ሁሌ አገኛለሁ፦
ሠላሳ ወንበር
ጠረጴዛ ላይ፣ እግሩን ወደ ጣሪያ፣
ተሰቅሎ።
መምህራቸውን ጠየቅኋት። "እኔ አላዘዝኩም" አለች፤
"ማን እንደ ጀመረው እንጃ" ብላ ትከሻዋን ሰበቀች።
እንግዲህ ሰቃይ ከተባለ፣
ይኸው ሰቃይ!

ይህን ብነግራት ወይንሸት ወገቧን ይዛ ሰማችኝ፣
አረጋውያን ስታነሣ ያደረችበትን። ቀስ ብላ መለሰችልኝ፦
"አንተ ወንበሩን አየህ። እኔ የሚያወርደውን ወገብ።"
ይህን የሚመልስ ቃል አልነበረኝም ለማቅረብ።

በማግሥቱ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ ለብቻዬ
ወደ ዘጠኝ ነጥቡ ቤት ሄድኩ፣ በልጄ ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ ጭኔ ላይ ምሳዬ።
ሁለት ቅያሪ፣ ሰባ ደቂቃ፤ መስኮቱን በረዶ ደፍኖት፣
አንድ ልጅ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ የሒሳብ ደብተሩ ወድቆበት።
አንሥቼ አጠገቡ አኖርኩለት። ልማድ ነው።

ለካ እስካሁን ባለጉዳይዋን አልጠየቅናትም ነበር።
"ብየዳ" አለች ናርዶስ። "እዚህ ሰፈር ነው ያለው። ብረት ማጋጠም ልማር።"
"ብየዳ ለሴት?" አላለችም እናቷ፤
"ብየዳ ለሰው?" አለች፤ ማንኪያው አመለጠ ከእጇ።

ዓርብ፣ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ፣ ቅጹን ሞላን፤ አንደኛ የሰፈሩ።
ወይንሸት፦ "ካልሆነላት በኋላ፣ ወንበሮችህ ይመስክሩ።"
ልክ ነች ይሆናል።
አላውቅም።

ሰኞ ማታ ሁለት መቶ ስድስት ገብቼ
አንዱን ወንበር አወረድኩት፤
ተቀመጥኩ፤ ጠበበኝ፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ተጋጨ፤
ትንሽ ቆየሁ።
ከዚያ ከሥሩ ጠርጌ
መልሼ ሰቀልኩት።